ያላለቀው ፊት

ሐኪሙ ሐኪም አይደለም። ከሰው ፊት ላይ ብጉርን ያለ መርፌ፣ ጠባሳን ያለ ቢላ የሚያነሳ የፎቶ ቤት አቀናባሪ ነው። ቅጽል ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ። አንዲት ሙሽራ ጥርሷን አሟት፣ ጉንጯ አብጦ የተነሳችውን ፎቶ ይዛ እያለቀሰች መጣች። እሱ በአንድ ከሰዓት እብጠቱን አጉድሎ ሲሰጣት «አንተማ ሐኪም ነህ» አልኩት፤ በዚያው ቀረ። ደንበኛው ሁሉ «ሐኪሙ አለ?» እያለ ነው የሚገባው። አንድ ጊዜ እንዲያውም አንድ ሽማግሌ እውነት መስሏቸው ገብተው፣ እጅጌያቸውን ጠቅልለው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል።

እኔ ፍሬም ሠሪ ነኝ። አንዱን ሱቅ ለሁለት ተካፍለን፣ በመስኮቱ በኩል እሱ ከኮምፒውተሩ ጋር፣ በጓሮ በኩል እኔ ከመጋዜና ከመስታወቴ ጋር ሃያ አራት ዓመት ኖረናል። «ሰጋቱራህ ማሽኔ ውስጥ ገባ» ብሎ ይነጫነጭብኛል፤ እኔ ደግሞ ዝምታው ጆሮዬን ያመኛል። እንደ ባልና ሚስት ስንኳረፍ ነው የምንውለው። ስለዚህ የእሱን ነገር ከእኔ በላይ የሚያወራ ሰው ካለ ይምጣና ያውራ።

በሙያው ቀልድ አያውቅም ነበር። ከስክሪኑ በላይ በገዛ እጁ ጽፎ የሰቀለው ወረቀት ነበር፤ ፍሬሙን የሠራሁለት እኔ ነኝ፤ ጥቁር፣ ቀጭን። «ዋናውን አትንኩ። ቅጂ ላይ ሥሩ» ይላል። ለልምምድ የመጣን ሰው ሁሉ መጀመሪያ እሱን ያስነብበዋል። ከዚያ ያስረዳዋል፦ ፎቶ ኮምፒውተር ውስጥ ቦታ እንዳይፈጅ ተጨምቆ ነው የሚቀመጠው። አንድ ነገር ነካክተህ እዚያው ላይ ሴቭ ባደረግህ ቁጥር እንደገና ይጨመቃል፤ በተጨመቀ ቁጥር ደግሞ ከራሱ ላይ ትንሽ ይጥላል። አንድ ጊዜ ብታደርገው ዓይን አይለየውም። ሺህ ጊዜ ካደረግኸው ግን ብዙ ጊዜ እንደታጠበ ጨርቅ መልኩን ይለቃል። ይህንን ስንት ጊዜ ሲናገር ሰምቼዋለሁ! መጋዝ እየሳብኩ በቃሌ እወጣው ነበር።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ነበረች፤ ሱቋ ከእኛ ሦስተኛው በር ላይ። ካሜራ ካየች ፊቷን በእጇ ትከልላለች፤ አለዚያም ምላሷን ታወጣለች። ጋብቻቸውን እንኳ እኔን ምስክር አድርገው በጠዋት ፈርመው፣ ከምሳ በፊት ሁላችንም ሥራችን ላይ ነበርን። «የፎቶ ቤት ሰው ያለ ፎቶ አገባ!» እያልኩ ዓመት ሙሉ ተሳልቄበታለሁ። መታወቂያዋ ላይ አንዲት ጉርድ ፎቶ ነበረች፤ እሷም ላይ ማኅተሙ ከአፍንጫዋ እስከ አገጯ ተረግጦባታል። ስትሞት መታወቂያውን የሰጣት ቢሮ መልሶ ወሰደው።

የቀረው አንድ ፎቶ ነው። ሱቁ የመጀመሪያውን ዲጂታል ካሜራ የገዛ ቀን፣ እሷ ያልመለስኩላትን መቀስ ልትቀበለኝ መጣች። እኔ አንድ ነገር ቀለድኩ። መቀሷን ይዛ እየሳቀች ልትወጣ በሩ ጋ ስትደርስ እሱ በስሟ ጠራት። ዞር አለች፤ ቀጭ አደረጋት። ፀሐዩ ከኋላዋ ስለነበረ ግማሽ ፊቷ ጥላ ነው። «ጥላውን ላንሳላትና አትመዋለሁ» አለ። በአራተኛው ወር ሁለት ሳምንት ታማ ሞተች። አንድ ዓመት ያልሞላት ሴት ልጅ ትታለት ሄደች።

ልጅቷ በእሱ ማሽንና በእኔ ሰጋቱራ መሃል አደገች። «አባዬ፣ እማዬ ምን ትመስላለች?» ትለዋለች። «ጥላው ይነሳና አሳይሻለሁ» ይላታል። ልጅ አይደለች፣ ጥላ የሚባለው ነገር እንደ አቧራ የሚወለወል መስሏት ትጠብቃለች። ወደ ወንበሩ ስትጠጋ ስክሪኑን ያጠፋዋል። ያልጨረሰውን ሥራ ለሰው አለማሳየት የሙያው ኩራት ነበር፤ ለልጁ እንኳ አልሸራረፈውም።

ልጅቷ አሥራ ሁለት ዓመት ሲሆናት ግድም፣ አንድ መምህር ለተማሪዎቻቸው ትያትር ማስታወቂያ ሊያሠሩ መጡ። ቀለሙ እስኪደርቅ ታሪኩን ነገሩን። የግሪኮች የጥንት ተረት ነው። አንድ ሙዚቀኛ ሚስቱን እባብ ነድፎ ይገድልበታል። መሣሪያውን አንግቶ ሙታን አገር ድረስ ይወርዳል፤ ሲጫወትላቸው የሙታን ንጉሥ ልቡ ይራራል። «ውሰዳት፤ ከኋላህ ትከተልሃለች። ብርሃን እስክትደርሱ ግን ዞረህ እንዳታያት» ይለዋል። ሰውዬው ዋሻውን ሁሉ ወጥቶ፣ አፉ ላይ ሲደርስ ዞር ይላል። እሷም ወደ ኋላ ተስባ ትቀራለች።

«ጥቂት እርምጃ ቀርቶት? ምን ዓይነት ጅል ነው!» አልኩ። እውነቴን ነው፣ ተናድጄ ነበር። መምህሩ ሳቁ።

ሐኪሙ አልሳቀም። «ኮቴዋን ካልሰማ ምን ያድርግ?» አለ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ የምሳ ሰዓቱን ያንን ተረት ለመሳል ሰጠው። ስክሪኑ ላይ በብዕር መሰል ነገር ይስላል፤ ቀለም የለ፣ ብሩሽ የለ፣ እጁ ግን እንደ ሠዓሊ እጅ ይደክማል። የዋሻው ድንጋይ ብቻ አንድ ዓመት ፈጀበት። «ዛሬ ስንት ድንጋይ ደረስክ? ቤት ልትሠራ ነው?» እለዋለሁ። ሰውዬው ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ብርሃን ይወጣል፤ ሴትየዋ ሁለት እርምጃ ከኋላ። ቀሚሷ የልብስ ሰፊ ቀሚስ ነው፤ ኪሷ ላይ መርፌ እስኪታይህ ድረስ ስሎታል። ባጭሩ ግሩም ሥራ ነበር፤ እኔ ደግሞ ሰው በነጻ አላመሰግንም። ፊቷ ብቻ ባዶ ነው። በእሱ ቦታ ነጭ ክፍት ተትቷል። የሚስቱን ፎቶ ይከፍታል፣ ጥላውን ትንሽ ያነሳል፣ አልጥም ይለዋል፣ ሴቭ አድርጎ ይዘጋል። በማግስቱ እንደገና። ያ የጥቁሩ ፍሬም ወረቀት ከራሱ በላይ ተሰቅሎ።

አየሁ ወይ? አዎ፣ አይቻለሁ። አንድ ቀን የመስታወት መወልወያዬን ፍለጋ ከኋላው ሳልፍ ፊቷ ደበዘዘብኝ። ዓይኔ መስሎኝ ሄጄ መነጽር ለወጥኩ።

ልጅቷ አገባች፤ አረገዘች። በሰባተኛ ወሯ መጥታ ጠረጴዛው ላይ በሁለት እጇ ተደግፋ ቆመች። «አባዬ፣ ከመውለዴ በፊት እማዬን አሳየኝ። ጥላ ይኑርባት፣ ምን ቸገረኝ? ሰው ‹ልጅሽ ማንን መሰለ› ሲለኝ እኔ ምን ብዬ ልመልስ?»

«በወሩ መጨረሻ» አላት።

የወሩ መጨረሻ ዕለት ረፋዱ ላይ መጣች። «ጋሼ፣ አባዬ የለም?» አለችኝ።

«ቀለም ሊገዛ ወጥቷል፤ አሁን ይመጣል ልጄ።»

«እስኪመጣ ራሴ ልያታ» ብላ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። የእናቷን ፊት ለማየት የመጣችን እርጉዝ ማን ይከለክላል? እንዲያውም ጓጉቼ ከኋላዋ ቆምኩ። ፋይሉ በእናቷ ስም ነው የተቀመጠው፤ ለማግኘት አልተቸገረችም።

የበሩ መቃን አለ። የፀሐዩ ብርሃን አለ። የሴት ትከሻ አለ። ከትከሻው በላይ ግን ግራጫና ቡናማ አራት ማዕዘኖች የተደራረቡበት ልሙጥ ነገር ነበር። ዓይን ሊሆን የሚችል ሁለት ጠቆር ያለ ቦታ አለ። አፍ የለም።

«ጋሼ» አለችኝ ቀስ ብላ፤ «ይቺ ናት?»

ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አልኩ። በሩ ተከፈተ፤ ሐኪሙ የቀለም ከረጢቱን እንደያዘ ገባ። ስክሪኑን አየ። አልደነገጠም። ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ ለካ ያውቅ ኖሯል።

«አላለቀም፣ ልጄ» አላት። «ሥራው መሃል ላይ እንዲህ ነው የሚመስለው። አንድ ሳምንት ስጪኝ።» አመነችው። አባቷ የተበላሸ ፊት ሲያድን እያየች ነው ያደገችው፤ ለምን አታምነው?

እንደወጣች ጮህኩበት። «ያን ወረቀት ማን ነው የጻፈው? ቅጂ ማድረግ አቅቶህ ነው?»

«አንዴ አድርጌ ነበር» አለ። «ማሽኑ ከስሟ ቀጥሎ ‹ቅጂ› ብሎ ጻፈበት። ስሟን ከዚያ ቃል ጋር ሳየው ጠላሁት። አጠፋሁት።»

«መበላሸቷን መቼ አወቅህ?»

«አምስት ዓመት አለፈው።»

«ታዲያ እጅህን አታነሳም ነበር?»

«ላስተካክላት ብዬ ነዋ» አለኝ። «ሳስተካክላት ይብስባታል፤ የባሰውን ደግሞ አስተካክላለሁ።»

ያን ሳምንት አንድ አዲስ ፕሮግራም አመጣ። የደበዘዘ ፊት ስታሳየው፣ የጎደለውን ከራሱ አስቦ ይሞላል። ሌላ ጊዜ ደንበኛ ሲጠይቀው «ይሄ ሌብነት ነው» ብሎ ይመልስ ነበር። በሦስተኛው ቀን በምሳ ሰዓት ጠራኝ። ስክሪኑ ላይ አንዲት ቆንጆ ሴት ወደ እኛ ዞራ ትስቃለች። ጥላ የሚባል የለባትም።

«እሷ ናት?» አለኝ።

«አይደለችም።»

«እኔም አውቃለሁ። የቱ ጋ ነው ያልሆነችው? አንተ ታውቃታለህ፤ ንገረኝና ላስተካክል።»

«ጥርሷ» አልኩ ወዲያው። «የፊት ጥርሷ አንዱ በአንዱ ላይ ተደርቦ ነበር።»

«የግራው በቀኙ ላይ ነው፣ የቀኙ በግራው?»

ዓይኔን ጨፈንኩ። በሩን አየሁት፤ መቀሱን አየሁት፤ እሷ ስትዞር ግን ዞራ የምትመጣው ያቺ የማሽኑ ሴት ናት። ያን ቀን ምን ብዬ እንዳሳቅኋት እንኳ ጠፋኝ። ሐኪሙ ዓይን ዓይኔን ያያል፤ እንደዚያ ዓይነት ልመና በሰው ፊት ላይ አይቼ አላውቅም። ከእሱ ሌላ እሷን በደንብ የሚያውቅ የቀረሁት እኔ ብቻ ነበርኩ።

«አላስታውስም» አልኩት። በዕድሜዬ እንደዚያ ያፈርኩበት ቀን የለም።

«እኔም» አለ፤ ወደ ማሽኑ ዞረ። የማሽኑን ሴት ፊት ቆርጦ ሥዕሉ ላይ ክፍቱ ቦታ አስቀመጠው። ልክክ አለ። ያ ነው የበለጠ ያናደደኝ።

ልጅቷ መጥታ ስታየው ሁለት እጇን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ከዚያ የራሷን አፍንጫ ዳሰሰች። «የእሷ ነው! አባዬ፣ አፍንጫዬ የእሷ ነው አይደል?»

«የእሷ ነው» አላት።

ፍሬሙን ሠራሁት። ያለኝን ምርጥ እንጨት አወጣሁ፤ መስታወቱን ሦስት ጊዜ ወለወልኩት። እኔ ነገረኛው፣ ደንበኛን ሳይቀር የምሳደበው ሰውዬ፣ ልጅቷ አጠገቤ ቆማ «ጋሼ፣ እንደዚህ ነበረች እንዴ?» ስትለኝ «እንደዚህ ነበረች» አልኳት። በማግስቱ ያ ወረቀት ከግድግዳው ወርዶ ነበር። የት እንዳደረገው አልጠየቅሁትም።

ሴት ልጅ ወለደች። ልንጠይቃት ሁለታችን አብረን ሄድን። ሥዕሉ ከሳሎኑ በር ፊት ለፊት፣ ከትልቁ ሶፋ በላይ ተሰቅሏል። ሐኪሙ ገብቶ ግራ ቀኝ ሳይል በቀጥታ ሄዶ ሶፋው ላይ፣ ጀርባውን ለሥዕሉ ሰጥቶ ተቀመጠ። ለእኔ የተረፈችኝ ፊት ለፊቱ ያለችው ወንበር ናት። ልጅቷ ሕፃኗን ታቅፋ አጠገቡ ቁጭ አለች፤ አንዴ ሕፃኗን፣ አንዴ ሥዕሉን እያየች።

«አባዬ፣ ዞር በልና እያት እስቲ» አለችው። «ቁርጥ እሷን አይደለችም?»

ሐኪሙ ዓይኑን ከሕፃኗ ላይ ሳያነሳ ጎንበስ አለ። «ቁርጥ እሷን» አለ።

«ኧረ ዞረህ ሳታይ?»

«አየኋት» አለ። «አይቻታለሁ፣ ልጄ።» አልዞረም። ከጀርባው ዋሻው አለ፤ መሣሪያውን ያነገተው ሰውዬ አለ፤ ከሰውዬው ኋላ፣ ማናችንም አግኝተናት የማናውቅ ሴት ተስተካክሎ በተደረደረ ጥርሷ ትስቃለች። ልጅቷ ሕፃኗን ከፍ አድርጋ ያዘቻትና «አያትሽ ናት፤ ሰላም በያት» አለቻት።