ማር የተቀባው ጡት

ሴትዮዋ አሳልፌ አልሰጥም ያሉት ግራ ጡታቸውን ነው። ከደጋን መጥተው ደሴ፣ ከአንድ ሆስፒታል አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል፤ በሰኞ ገበያ ግርግር መቀነቷን እንደምትጠብቅ ገበያተኛ፣ እጃቸው ከነጠላቸው ሥር አይወጣም። በመርፌ የተወሰደው ናሙና እብጠቱ ካንሰር መሆኑን አረጋግጧል፤ ሐኪሙም ሳይሰራጭ ጡቱ ይቆረጥ ብሏል። እርሳቸው ግን ወላጅ ያጣ ሕፃን፣ በሽማግሌዎች ፊት ማር ቀብተው በማጥባት የጡት ልጃቸው ያደረጉት በዚሁ ጡት ነው። ልጁ አድጎ ዘመተ፤ አልተመለሰም። ጎረቤቱ ሁሉ መርዶ መንገር ፈርቶ ዝም ብሏል፤ ዝምታው ግን ምሕረት አልሆነላቸውም።

«እናቴ፣ ልጅዎ ሲመጣ በሕይወት ቢያገኝዎ አይሻልም?» አለቻቸው ነርሷ።

«እናቱ ያደረገኝ ይኸው ጡት ነው፤ እሱ ሳይመጣ አስቆርጬ ብሰጥሽ፣ ሞቷል ብዬ እኔው መፍረዴ አይደል? አላደርገውም!»