የወይዘሮ ሃሊና ምድር ቤት

ባለፈው እሁድ ቅዳሴ ላይ አጠገቤ የቆሙት እናት ጧፍ ለኮሱ። የሰሙ ሽታ አፍንጫዬን ሲነካው ወጥቼ በረዶው ላይ ቆምኩ። ጧፍ የሚያስፈራው ክርስቲያን ከእኔ በቀር ያለ አይመስለኝም።

ነገሩ የሆነው በፈረንጅ ሁለት ሺህዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። ጎረምሳ ነበርኩ፤ የአክስቴን ልጅ ሰላምን ልጠይቅ ከዴንቨር ሚኒያፖሊስ መጣሁ። የሥራ ባልደረባዋ ወይዘሮ ሃሊና ፖላንዳዊት ናቸው፤ እንደ አገራቸው ወግ ለፋሲካ እንቁላል ማስጌጥ ቤታቸው ያስተምሩ ነበርና ሰላም እኔንም ይዛኝ ሄደች። መጋቢት ቢሆንም በረዶው ገና መሄድ አላሰበም። ሰላም ከምትኖርበት ከሴዳር ሪቨርሳይድ ሰፈር ስንነሳ ነዳጅ ማደያው ጋ ዳቦ በቋሊማ ገዝቼ መኪና ውስጥ ገመጥኩ።

"በሁዳዴ! ትንሽ አታፍርም?" አለችኝ ድራይቭ እያደረገች።

"መንገደኛ ነኝ" አልኳት።

የሚያስተምሩበት ምድር ቤት ይሞቃል። መስኮቶቹ ብርድ እንዳያስገቡ በፕላስቲክ ተለጥፈዋል፤ ጥግ ላይ አሮጌ ማሞቂያ ያጉረመርማል። ወይዘሮ ሃሊና የስፒል ራስ በሻማ በቀለጠ ሰም እየነከሩ እንቁላሉ ላይ አበባ ሣሉ። ከዚያ የሽንኩርት ልጣጭ በተቀቀለበት ውሃ ሲዘፈዘፍ ሌላው ይቀላል፤ ሰም የነካው ነጭ ሆኖ ይቀራል። ደስ የሚል ሥራ ነው፤ ሰዓቱን ያስረሳል።

ብዙም ሳይቆይ ሰላም እንቁላሏን አስቀመጠች።

"ራሴን አመመኝ። ጾሙ ነው" አለችና ጠረጴዛው ላይ ተደፋች።

ወይዘሮ ሃሊናም የሻማው ጭስ ነው ብለው ግንባራቸውን አሹ። የእኔም ራስ መውቃት ጀመረ። እኔ ግን ሆዴ ሙሉ ነው፤ ታዲያ እኔን ምን ነካኝ? ያኔ ልጅ ሆኜ የማውቃቸው ጎረቤቶቻችን ትዝ አሉኝ፤ በክረምት ከሰል መኝታ ቤት አስገብተው፣ በር ዘግተው ተኝተው፣ ሳይነሱ የቀሩት ባልና ሚስት። ዞሬ ማሞቂያውን አየሁትና ላብ አጠመቀኝ።

"ሰላም፣ ተነሺ! እንውጣ!"

"ተወኝ፣ ትንሽ ልተኛ" አለች ዓይኗን ሳትገልጥ። ድምፅዋ ደስ ያላት ሰው ድምፅ ነበር፤ ከሁሉ ያስፈራኝ እሱ ነው።

በብብቷ ይዤ ደረጃውን እየወደቅኩ እየተነሳሁ ጎተትኳት። ወይዘሮ ሃሊና ግድግዳ ተደግፈው ተከተሉን። ደውለን የመጣው የእሳት አደጋ ሠራተኛ የጋዝ መለኪያ ይዞ ወረደ፤ ወዲያው በሩጫ ተመለሰ። ሰላም ሆስፒታል ስትነቃ መጀመሪያ የጠየቀችኝ የጾም መፍቻ ሰዓት ደርሶ እንደሆነ ነው።

ዛሬ የልጆች እናት ናት። "ጾሜ ነው ያዳነኝ" ትላለች፤ አልከራከራትም። እኔ ግን አንዳንዴ አስበዋለሁ፤ ያን ቀን እንደ እሷ ጾሜ ቢሆን ኖሮ፣ እኔም "ጾሙ ነው" ብዬ አጠገቧ ጋደም እል ነበር።