ወንድሜ የጠረበው ክላሽ

ያን ፊልም የሠራው ሰውዬ አንድ ቀን አሶሳ ቢመጣልኝ ልክ ልኩን እነግረው ነበር። ፊልሙ የተሰረቀ ወርቅ ፍለጋ በረሃ ለበረሃ ስለሚንከራተቱ ሰዎች ነው። እሁድ ከታናሽ ወንድሜ ጋር ገበያው አጠገብ ባለው ቪዲዮ ቤት አየነው። ጀግናው ይተኩሳል፣ ይተኩሳል፣ ጥይት አያልቅበትም። ብቻውን ያን ሁሉ ሌባ መሬት ላይ ያስተኛል። ወርቁን ማን እንደቆፈረው፣ ማን እንዳጠበው ግን አንድም ቃል የለም። እኔ በዚህ ስበግን ወንድሜ ለካ ጠመንጃውን እያጠና ነበር።

እኛ የምንሠራበት ጉድጓድ ከኩርሙክ መንገድ ገባ ብሎ ወንዝ ዳር ነው። ወንዶቹ ይቆፍራሉ፣ እኛ ሴቶቹ አፈሩን በገበቴ እናጥባለን። አባቴ ከወሎ በሠፈራ የመጣ ነው፤ ቦታው የበርታዎች ነው፣ ሕጉም የእነሱ። መሣሪያ ይዞ ወደ ጉድጓድ መቅረብ የለም። ገጀራ እንኳ ጉድጓዱን የሚያስተዳድሩት የበርታ ሽማግሌ ዘንድ በአደራ ይቀመጣል። ከእኛ በላይ የሚቆፍሩትም ይህንኑ ያከብራሉ። በየቦታው ስንቱ ሲያልቅ እኛ ዘንድ ደም ያልፈሰሰው በዚህ ሕግ ነው።

በሳምንቱ ወንድሜ ክላሽ አንግቶ ከች አለ። ከእንጨት ጠርቦ፣ ባትሪ ድንጋይ ሰብሮ በጥቁር ዱቄቱ አጥቁሮታል። እግሩን አንፈራጦ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተገተረ።

"ሌባ እንዳይደፍረን ነው" አለኝ።

"ማን ደፈረን? አንተ ደንቆሮ!"

ቱግ ብዬ ልነጥቀው ስታገል የላይኞቹ ሥራቸውን አቁመው ያዩናል። ሽማግሌው መጡ።

"አባባ፣ እንጨት እኮ ነው" አልኳቸው።

"እንጨት መሆኑ አንተ አወቀ፣ እኔ አወቀ" አሉኝ። እኚህ ሰው ሴቱንም ወንዱንም "አንተ" ነው የሚሉት። "ላይ ያለው ሰው አላወቀም። እሱ እንጨት አያመጣም።"

ወንድሜን ከሥራ አባረሩት፣ ክላሹንም እሳት ውስጥ ጨመሩት። ምን ዋጋ አለው! "የታችኞቹ ታጥቀዋል" የሚለው ወሬ አስቀድሞ ደርሷል። ብዙም ሳይቆይ የላይኞቹ እውነተኛውን ይዘው መጡ። አሁን አፈር የማጥበው ጀርባዬን ለአፈሙዝ ሰጥቼ ነው። ወንድሜ ደግሞ ቤት ቁጭ ብሎ "እኔ ምን አጠፋሁ? ጠመንጃ ያመጡት እነሱ!" ይላል። እንዲህ ሲል ገበቴውን አናቱ ላይ ልከሰክስበት ይቃጣኛል።

ባለፈው ሰኞ ወደ ሥራ ስወርድ ሽማግሌው ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆመዋል። ትከሻቸው ላይ ክላሽ አለ፤ ብረቱ ፀሐይ ላይ ያብለጨልጫል። "አባባ፣ ምነው እርስዎም?" አልኳቸው። ንዴቴን መደበቅ አልቻልኩም።

ዓይኔን አላዩም። "አንተ ሥራህን ሥራ" አሉኝ።