በሬዲዮ የወጣችው ምስጋናዬ

ከሰል ስነግድ ብዙ ዓመቴ ነው፤ ሥራውን ከነኃጢአቱ አውቀዋለሁ። ማዳበሪያ ሲሞላ ድቃቂው ታች ይገባል። ወፍራሙ፣ ሲያጋጩት እንደ ብረት የሚጮኸው፣ አናት ላይ ይደረደራል፤ ከዚያ አፉ በሳር ተሸፍኖ በገመድ ይሸረባል። ገዢ አፉን ገለጥ አድርጎ አይቶ ይገዛል። እስከ ታች ገልብጦ የሚያይ ገዢ በዕድሜዬ ሁለት ቢገጥመኝ ነው፤ ለሁለቱም ዳግመኛ አልሸጥኩላቸውም።

ከአዲስ ቅዳም ጭነን ስንወጣ መንገዱ ላይ ኬላ ነበረ። ወታደሮቹ ከየመኪናው ሁለት ሁለት ማዳበሪያ ያወርዳሉ። ለማብሰያ ነው ይላሉ። ይሁን፣ ወታደርም ሰው ነው፣ ይበላል። ብቻ ኬላው ጓሮ የተከመረው ከሰል ለሦስት ሠርግ ይተርፋል፤ ማክሰኞ ማክሰኞ ደግሞ አንድ የጭነት መኪና መጥቶ ጠርጎት ይሄዳል። እኔም ሾፌሬም እያየን አናይም ነበር።

አንድ ቀን ሾፌሬ አየ። አምስት አውርድ ሲሉት ደረሰኝ ጠየቃቸው። ደረሰኝ! ይህን ያህል ዘመን አብረን ስንሠራ እኔን እንኳ ደረሰኝ ጠይቆኝ አያውቅም። መኪናውን ለቀው እሱን አስቀሩት። መኪናዬን ሌላ ሾፌር ነድቶ ሱቄ ወዳለበት ወደ ቆሰበር አምጥቶ በሬ ላይ አቆመልኝ።

በማግስቱ ሚስቱ መጣች። ከአዘና በኩል የመጣች የገጠር ልጅ ናት፤ አማርኛውን ታውቀዋለች፣ ስትናደድ ግን በአገውኛ ነው። የዚያን ሰሞን አማርኛ አልሰማሁባትም። ጠዋት ጠዋት ትመጣና ሱቄ በር ላይ ካለው ድንጋይ ላይ ትቀመጣለች። ገበያተኛው ሰላም ብሏት ይገባል፣ ሰላም ብሏት ይወጣል፤ የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ምን ሰማህ ነው።

ምን እሰማለሁ? ወረዳ ሄድኩ፣ ወደ ዞን ላኩኝ። ዞን ስደርስ የወታደር ነገር እኛን አይመለከትም አሉኝ። የወታደሮቹ ካምፕ በር ላይ ያለው ጠባቂ ደግሞ እንደዚህ የሚባል ሰው እዚህ የለም አለኝ። የሾፌሬን ስም ገና አልነገርኩትም ነበር።

እንዲህ ስንል አንድ የሬዲዮ ጋዜጠኛ መጣ። የዳንግላ ልጅ ነው፤ ድምፁን ከሬዲዮ አውቀዋለሁ። አንድ ጊዜ የተበላሸ የውኃ ቦኖ ጉዳይ አንስቶ ኃላፊውን በአየር ላይ ሲያስጨንቀው ሰምቻለሁ፤ ቦኖው በሳምንቱ ውኃ ሰጠ። አሁን የመጣው ስለ ሰላምና ንግድ ነጋዴ ሊያናግር ነው። ሚስቲቱ ከድንጋዩ ተነስታ ወደ እኔ ገባች።

«ጋሼ፣ ለቦኖ የተናገረ ለሰው አይናገርም?» አለችኝ።

በአማርኛ ነው የተናገረችው፤ እሱም እንዲሰማ መሰለኝ። ልጁ ሰምቶ አጎነበሰ። እሷ ውጭ ቀረች፣ እኔና እሱ ከሱቁ ኋላ ካለችው መጋዘን ገባን፣ በሩን ዘጋሁ። ማይክሮፎኑን አፌ ሥር አደረገው። ወገቤን ይዤ ተናገርኩ። ኬላውን፣ ከሰሉን፣ ሾፌሩን።

«ጋሼ፣ ድምፅዎን እንዳለ ላውጣው? ኋላ ጣጣ እንዳይሆንብዎ» አለኝ።

አውጣው አልኩት። ሚስቲቱንም ተናግሬልሻለሁ አልኳት። ያን ቀን ቁመቴ የጨመረ መስሎኝ ነበር።

ዝግጅቱ ሐሙስ በምሳ ሰዓት ወጣ። ሱቄ ውስጥ ሆነን ሰማን፤ እኔ፣ እሷ፣ ጎረቤቴ ጨርቅ ነጋዴው ሐጂ። ድምፄ መጣ። የጸጥታ ኃይሉ ሌት ተቀን ስለሚደክምልን በሰላም ወጥተን እንገባለን፣ መንገዱ ሰላም ነው፣ እናመሰግናለን ይላል። ከዚያ ዘፈን ገባ። ሴትዮዋ ዘፈኑ እስኪያልቅ ጠበቀች፤ ከዘፈኑ በኋላ ንግግሬ የሚቀጥል መስሏት ነው። የገባው የአየር ሁኔታ ነው። ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች።

ሐጂው ሬዲዮውን ዘጋና «ድምፅህ ያምራል» አለኝ።

ከዚያ ወዲያ ከተማው ፋታ አልሰጠኝም። ሻይ ቤት ስገባ ለቃል አቀባያችን ወንበር ልቀቁ ይላሉ። ባጃጅ ነጂው ሳይቀር ፍጥነቱን ቀንሶ፣ ጋሼ መንገዱ ዛሬም ሰላም ነው ወይ ብሎኝ ያልፋል። ለጋዜጠኛው ብደውል ኔትወርክ የለም። በስንት ቀኑ ተገኘ፤ ስድቤን ሁሉ ሰማ።

«ሙሉውን ነው ያስገባሁት፣ ጋሼ። የሚቆርጠው ሌላ ሰው ነው» አለኝ።

«ማነው የሚቆርጠው?»

«እሱንም የሚቆርጠው አለ።»

ከእሱ በፊት በዚያ ወንበር የነበረው ባልደረባው ከታሰረ ወራት ማለፉን ጨመረልኝ፤ ከዚያ በላይ በስልክ አልተናገረም። ብቻ ያልተቆረጠውን ቅጂ እልክልዎታለሁ አለ፣ ላከልኝም። አልከፈትኩትም። ምን ብዬ እከፍታለሁ፤ የተናገርኩትን አውቀዋለሁ።

ሾፌሬ በታሰረ በአሥራ አንደኛው ቀን ተፈታ። በእግሩ መጥቶ ሚስቱ ትቀመጥበት ከነበረው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ከስቷል። እንኳን ለቤትህ አበቃህ አልኩት፤ አንገቱን ነቀነቀ። ከሌሎች ጋር የታሰረበት ቤት ጠባቂ ሬዲዮ ነበረው ለካ፤ ሐሙስ ዕለት ድምፁን ከፍ አድርጎ አሰምቷቸዋል። በኋላም አለቃህ ደህና ሰው ነው፣ ሂድ ብለው ለቀቁት።

«እርስዎ መሆንዎን ለማመን ጊዜ ፈጀብኝ» አለኝ።

ይሄኔ ቅጂው ትዝ አለኝ። ቆይ ሙሉውን ስማ ብዬ ስልኬን ከሰሉ ማዳበሪያ ላይ አስቀምጬ ከፈትኩት። ከፈጣሪ ይጀምራል። አገር ሽማግሌ ይመሰገናል፣ አስተዳደሩ ይመሰገናል፣ የጸጥታ ኃይሉ ይመሰገናል። እኛ ዘንድ ወደ ትልቅ ሰው በር የሄደ በአቤቱታ አይጀምርም፤ መጀመሪያ ያመሰግናል፣ ሆድ ያለሰልሳል፣ ጉዳዩን ከምስጋናው ታች ያስገባል። እኔም እንደዚያው ሳመሰግን፣ ሳመሰግን ልጁ ጣልቃ ገባ። ከሰል ያወርዳሉ የሚባለውስ አለኝ። ሳቅሁ። ሳቄ ጥርት ብሎ ይሰማል። «እሱስ ለማብሰያ ነው» አልኩ። ከዚያ መጨረሻው ላይ፣ ለመስማት በምታስቸግር ድምፅ፣ አንድ ሾፌራችን ምናልባት በስሕተት ይሆናል ኬላ ላይ ቀርቷል፣ ቢታይልን አልኩ። አለቀ።

አምስቱ ማዳበሪያ የለም። የማክሰኞው መኪና የለም። ደረሰኙም የለም። መጋዘን ውስጥ ወገቤን ይዤ ያን ሁሉ የተናገርኩት ለማን እንደሆነ እንጃ።

ሾፌሬ ስልኩን ሳይሆን ከሥሩ ያለውን ማዳበሪያ እያየ፣ «ይሄን ማን ሞላው?» አለኝ።

መልሴን ሳይጠብቅ የጋዜጠኛውን ቁጥር ተቀብሎኝ እዚያው በሬ ላይ ደወለለት። ሰላምታ እንኳ አላበዛም። ከኬላው ጓሮ ጀመረ፣ የማክሰኞውን መኪና ታርጋ ነገረው፣ ስሜ ይውጣ አለው። እኔ ሰው እንዳይሰማ ግራ ቀኝ እያየሁ ነበር።

የተናገረው በሬዲዮ አልወጣም። ጋዜጠኛው ግን ሳያስገባው አልቀረም፤ በወሩ ወደ ስፖርት አዛውረውታል። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ኳስ ያስተላልፋል፤ ዳኛውን በስሙ እየጠራ ሲወቅሰው እሰማለሁ፣ ማንም አይቆርጥበትም። ሾፌሬ ዛሬ ለሌላ ሰው ይነዳል። ኬላውም አለ፤ ሁለት ማዳበሪያ ይወርዳል። ሚስቱ ገበያ ስትወጣ ሐጂውን ሰላም ብላ በእኔ በር ታልፋለች፤ ድንጋዩ አሁንም እዚያው ነው፣ አላነሳሁትም።