መንገድ የሚያይ ሶላር

ከጎረቤላ ከተማ ከፍ ብሎ፣ የመብራት ምሰሶ በማይደርስበት ተራራ ላይ፣ በድንጋይና በጭቃ የራሴን ቤት ሠራሁ። ሶላሩን በመንገዱ በኩል ባለው ጣሪያ ላይ ሰቀልኩት፤ እኔ ነጋዴ ነኝ፤ ነጋዴ ደግሞ ጥሩ ዕቃውን መንገደኛ በሚያይበት በኩል ነው የሚደረድረው።

ባለቤቴ ከደብረ ብርሃን የመጣችው ለሙከራ ነበር። «እስከ እሁድ መብራት ሳይጠፋብኝ እራት ካልበላሁ እመለሳለሁ» ብላ ሻንጣዋን ሳትከፍት በሩ ሥር አስቀመጠችው። ሰማዩ ጥርት ብሎ እየዋለ አምፖሏ ግን እራት ሳይቀርብ ታንቀላፋለች። ባትሪውን ረገምኩ። የሸጠልኝንም ረገምኩ፤ የሙያ ጓደኛዬ ቢሆንም አላዘንኩለትም።

ቅዳሜ ጓሮ ልብሴን ስታሰጣ ጠራችኝ።

«ና እስቲ፣ አንተ ሰውዬ! ፀሐይዋ ቀኑን ሙሉ እዚህ ናት። በመንገዱ በኩል ያለው እኮ የተራራው ጥላ ነው። ለመሆኑ ደንበኛህ ፀሐይ ናት ወይስ መንገደኛ?»

መሰላል አምጥቼ ሶላሩን ወደ ጓሮው ጣሪያ አዞርኩት።

እሁድ እራት በልተን፣ ሰሃኑም ታጥቦ፣ አምፖሏ እንደበራች ነበረች። ቀን ላይ ሶላሩን ከቦታው ያጣው ጎረቤታችን ከመንገድ ተጣራ፦ «ጋሼ፣ ሶላሩን ሸጡት እንዴ?»

«አልተሸጠም!» አለች ባለቤቴ፣ ከሻንጣዋ ልብስ እያወጣች። «ገና ሥራ መጀመሩ ነው።»