በውሰት አፍ

የሰፈሩ ሰው ልብስ ሰፊውን «ጻድቁ» ይለዋል። መጀመሪያ ለሹፈት ነበር ያወጡለት፤ እሱ ግን በተጠራ ቁጥር በደስታ «አቤት» ስለሚል ሹፈቱ ቀስ በቀስ ተሟጦ ስሙ ብቻ ቀረ። በኮት ስፌት የሚስተካከለው የለም። የሱ ኮት የጎበጠ ትከሻ ያቀናል፣ ቦርጭም ይሸሽጋል ይባልለታል፤ ችግሩ፣ ኮቱ እስኪደርስ ድረስ ትከሻውም ይበልጥ ይጎብጣል፣ ቦርጩም ይጨምራል።

የሚሠራባት ክፍል አንድ መስኮት፣ አንድ ረጅም መስተዋት፣ አንድ ካውያና ሁለት የስፌት መኪናዎች አሏት። በሁለተኛው መኪና ላይ የሚቀመጠው ሱሪ ሰፊ ነው። እሱን ደግሞ «ፈላስፋው» ይሉታል፤ ፍልስፍና ተምሮ ሳይሆን፣ በሰፈሩ ውስጥ «ፈጣሪ የለም» ብሎ በግልጽ የተናገረ ሌላ ሰው ስለሌለ የሚሉት አጥተው ነው። ሁለቱ አሥራ አንድ ዓመት አብረው ሠርተዋል። በነዚህ ዓመታት ጻድቁ ባልንጀራውን ለማሳመን ያልሞከረው ነገር የለም። ፈላስፋውም አንገቱን ደፍቶ እየሰፋ ሁሉንም ያዳምጠዋል። በመጨረሻ «ጨረስክ?» ይለዋል። ጨርሻለሁ ሲለው «በል መቀሱን አቀብለኝ» ይላል፣ ነገሩ በዚያው ያበቃል።

ጻድቁ ከዓመታት በፊት በጠና ታሞ ሲድን፣ ከእንግዲህ ከአፌ ውሸት አይወጣም ብሎ ተስሎ ነበር። ለልብስ ሰፊ ይህ የዋዛ ስለት አይደለም። ጨርቁ ገና ከፌስታሉ ሳይወጣ «ነገ ይደርሳል» የማይል ሰፊ ማን አይቶ ያውቃል? ጻድቁ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት በጀግንነት ተወጣቸው። «መቼ ይደርሳል?» ሲሉት «እኔ እንጃ፣ ከወር አያንስም» እያለ እቅጩን ተናገረ። ደንበኞቹም ጨርቃቸውን በብብታቸው እየያዙ ማዶ ወዳለው ሰፊ ተሻገሩ፤ እዚያ «ነገ» የሚላቸው አገኙ።

ከዚያ በኋላ ነው ዘዴው የመጣለት። በክፍሏ ጥግ ደንበኞች ልብስ የሚለኩባት በመጋረጃ የተከለለች ቦታ አለች። ኮት ጠያቂ ከሩቅ በመስኮቱ ሲታይ፣ ጻድቁ ድንገት የጸሎት ሰዓት ይደርስበታል። ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ከመጋረጃው ኋላ ገብቶ ይንበረከካል። «እየጸለየ ነው፤ ኮትዎ ነገ ይደርሳል» ብሎ ሰውየውን የሚሸኘው ፈላስፋው ነው። የጻድቁ ስሌት ቀላል ነበር። ስለቱን የተሳለው ስለራሱ አፍ እንጂ ስለሰው አፍ አይደለም። ፈላስፋው ደግሞ እንደሆነ ሰማይ ቤት የሚጠብቀው ቦታ የለም፤ አንድ ውሸት ቢጨመርበት ምን ይጎድልበታል?

ባለቤቱ ይህን የሰማች ቀን ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። «እንግዲህ ገነት የምትገባው ታዝለህ ነዋ!» አለችው። «ያዘለህስ ሰውዬ በር ላይ አውርዶህ ሊመለስ ነው?» ጻድቁ በእምነት አይቀለድም ብሎ ተቆጣት።

ፈላስፋው ለምን እሺ እንዳለ ማንም ጠይቆት አያውቅም። ለራሱ ደንበኞች አይዋሽም። «ሱሪዎ በሦስት ሳምንት» ይላል፤ እንዲህ የሚል ሰፊ ደግሞ ደንበኛ አይበዛበትም። ውሸት ኃጢአት ነው ብሎ ሳይሆን ያሳፍራል ብሎ ነው የሚጠላው። ነገር ግን ዓይኑ ደክሞ መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ክር ማስገባት ካቃተው ሰባት ዓመት ሆኖታል። ጻድቁ በየጠዋቱ ቀድሞት ይመጣና ሃያ መርፌ ላይ ክር አስገብቶ፣ ጥቁሩን ከጥቁር፣ ቡኒውን ከቡኒ እየለየ፣ ባልንጀራው መኪና አጠገብ ባለችው የመርፌ መሰኪያ ላይ ደርድሮ ይጠብቀዋል። ስለዚህ ነገር አንድም ቀን ተነጋግረው አያውቁም።

በዚህ ዓመት ታዲያ በጻድቁ የጸሎት ቤት፣ በሽማግሌዎች ጉባኤ ውስጥ አንድ ወንበር ክፍት ሆነ። አባቱ የተቀመጡበት ወንበር ነው፤ ጻድቁም ከጎረምሳነቱ ጀምሮ ሲመኘው ኖሯል። ስሙ ቀረበ፣ ሁሉም ደገፉ። የቀረው አንድ ደንብ ብቻ ነበር፤ እጩው ከእምነቱ ውጭ ካለ ሰው መልካም ምስክርነት ሊያገኝ ይገባል። ጻድቁ ቢያስብ፣ ቢያወጣ ቢያወርድ፣ እንዲህ ያለ ሰው ከአንድ በላይ አላገኘም። ያም ሰው ሲጠይቁት እውነቱን ፊት ለፊት የሚናገር ነው።

«ምን ልትላቸው ነው?» አለው።

«የጠየቁኝን ነዋ» አለ ፈላስፋው፣ የሱሪ እግር እየቆረጠ።

ጻድቁን ሦስት ቀን እህል አልወርድ አለው።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ሆነው መጡ። የሚናገሩት ትልቁ ናቸው፤ ሁለቱ ራሳቸውን ለመነቅነቅ ነው የመጡት። ትልቁ ሽማግሌ ራሳቸው በዚችው ክፍል ውስጥ አንድ ካፖርት አላቸው። ጨርቁን ሲያመጡ ገና ትድህ የነበረችው የልጅ ልጃቸው አሁን ትሮጣለች። ምስክሩ በነፃነት እንዲናገር እጩው ዘወር ይበል ተባለ። ጻድቁም ወደ ለመደው መጋረጃ ገባ። እዚያ ገብቶ ከልቡ ሲጸልይ የዚያን ቀን የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

ትልቁ ሽማግሌ ስለ ጠባዩ፣ ስለ ቤተሰቡ ጠየቁ፤ ፈላስፋው የሚያውቀውን መለሰ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ይዋሻል?» አሉ።

ፈላስፋው መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። እንደገና ጠረገ። ጻድቁ በመጋረጃው ኋላ ትንፋሹን ያዘ።

«ከአፉ ውሸት ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም» አለ ፈላስፋው።

እውነት ነው፤ ማንም ሰምቶ አያውቅም። ጻድቁ የያዘውን ትንፋሽ ለቀቀ፣ መጋረጃውም ተወዛወዘ። በዚህ መሀል በሩ ተከፍቶ የሰፈሩ የሒሳብ መምህር ገቡ። «ጤና ይስጥልኝ» ብለው ሳይጨርሱ «ኮቴስ?» አሉ። «ይኸው ዛሬ ስድስተኛው ነገ ነው፤ እየቆጠርኩ ነው። ልጄ ልትመረቅ አንድ ወር አልቀራትም።»

ፈላስፋው መጋረጃውን አየው። መጋረጃው አልተንቀሳቀሰም።

«ነገ ይደርሳል» አለ ፈላስፋው፣ ከወትሮው ቀሰስ ባለ ድምፅ።

የካፖርታቸው ነገር ሲከነክናቸው የቆዩት ትልቁ ሽማግሌ ቀና አሉ። «አሁን ያልከው እውነት ነው?»

«ጋሼ፣ ስለ እሱ ከጠየቁኝ አይዋሽም። ስለኔ ከጠየቁኝ ግን፣ አሁን ዋሽቻለሁ።»

«ለምን?»

«እንግዲህ እምነት የሌለኝ ሰው ነኝ» አለ ፈላስፋው፣ ዓይኑን መርፌዎቹ ላይ ተክሎ።

ሦስቱም ሽማግሌዎች ራሳቸውን ነቀነቁ። ወትሮስ ከሱ ምን ይጠበቃል እንደማለት ነው። ያሰቡት ስለተረጋገጠላቸው ፊታቸው ሁሉ ፈካ። ጻድቁ በመጋረጃው ስንጥቅ የአነቃነቃቸውን ሁኔታ አየ። ወንበሩ የሱ ሆኗል፤ ዝም ብሎ መንበርከክ ብቻ ነው የሚጠበቅበት። ደግሞ ሃያዎቹን መርፌዎች አየ።

መጋረጃው ተገፈተረ። ጻድቁ ጉልበቱ ላይ የክር ቁርጥራጭ እንደተጣበቀ ወጣ።

«ውሸቱ የኔ ነው» አለ። «እሱ አፉን ነው ያዋሰኝ። ዓመታት ሙሉ ሳልመልስለት ቆየሁ።» ከዚያ ወደ መምህሩ ዞረ። «ኮትዎ አልተቆረጠም። ጨርቁ እዚያ ነው፣ ፌስታሉ ውስጥ። የዛሬ ሁለት ሳምንት፣ ሐሙስ፣ ከሰዓት በኋላ ይውሰዱ።»

መምህሩ ይቆጣሉ ተብሎ ሲጠበቅ ፍርሃት ያዛቸው። ሐሙስ የሚል ሰፊ አይተው አያውቁም። «አሞዎታል እንዴ?» ብለው ጠየቁት፤ ወደ ፈላስፋው ዞረውም እውነቱን እንደሆነ አረጋገጡ። ትልቁ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ስለ ሐሰት አንድ ነገር ሊናገሩ ነው ሲባል፣ «የኔ ካፖርትስ?» አሉ።

«ከመምህሩ ቀጥሎ፣ ጋሼ። ወር ይፈጃል።»

«ወር!» አሉ ሽማግሌው። እጩ ሆኖ ሳለ እንዲህ ያለ መጥፎ ዜና የነገራቸው ሰው አልነበረም። ሦስቱም ተነሡ። በሩ ላይ ሲደርሱ ትልቁ ዞር ብለው ስለ ወንበሩ ጉዳይ ተመካክረን ነገ እናሳውቅሃለን አሉት።

ሁለቱ ሰፊዎች ተያዩ። ፈላስፋው ሊስቅ ሲል ጻድቁ ቀደመው፤ መቀሱ ከእጁ እስኪወድቅ ድረስ ሳቀ።

ነገም መጣ፣ ከነገ ወዲያም መጣ፣ ሽማግሌዎቹ ግን አልመጡም። መልሱ የተሰማው በወሩ ነው፣ ትልቁ ሽማግሌ ካፖርታቸውን ሊወስዱ ሲመጡ። በተባለው ቀን ስለደረሰላቸው ግራ ተጋብተው፣ መስተዋቱ ፊት አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ ዞሩ። ትከሻቸው ቀንቷል። ወንበሩ ለአናጺው እንደተሰጠ ወደ መስተዋቱ እያዩ ተናገሩ። «በሚቀጥለው ምርጫ ግን ስምህ ይቀርባል» አሉ። «ምስክሩም ይኸው ሰውዬ ይሁን። ሌላ አታምጣብን።»

ሽማግሌው ከወጡ በኋላ ጻድቁ መንገዱ ባዶ መሆኑን በመስኮቱ አረጋገጠ። አሁን የሚጸልየው ደንበኛ በሌለ ጊዜ ብቻ ነው። ከመጋረጃው ኋላ ገብቶ፣ ለአባቱ ወንበር ትንሽ ካዘነ በኋላ፣ እንደ ልማዱ ስለ ባልንጀራው ነፍስ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይማፀን ጀመር።

«ጨረስክ?» አለ ፈላስፋው።

«ገና ነኝ።»

«የምትጨርሰው መቼ ነው?»

ጻድቁ አንገቱን ከመጋረጃው አወጣ። «እኔ እንጃ» አለ፣ «ያንተ ነገር ከወር አያንስም።»