ለአንድ ጓሮ ሁለት ዋጋ

ዊኒ ኦልድሮይድ በዮርክሻየር ዳገቶች ላይ ሃያ ስድስት ዓመት አውቶብስ ነድታለች። ጡረታ ከወጣች በኋላም ሰው ወረፋ ጥሶ ሲያልፍ ካየች ዝም ማለት አይሆንላትም ነበር። በዚያ ዓመት የጸደይ ወራት ያናደዳት ነገር ግን ከወረፋ የከፋ ነው።

ነገሩ የጀመረው ታላቅ እህቷ ሜርትል ልብስ ልታሰጣ ወጥታ የጓሮው ጭቃ ላይ በመውደቋ ነው። ዳሌዋ ተሰበረ። ሁለቱ እህትማማቾች አባታቸው በተወላቸው ቤት አብረው ይኖራሉ፤ ሁለቱም አላገቡም። ሜርትል ከሆስፒታል በምርኩዝ ስትመለስ ዊኒ ቆርጣ ተነሳች። ከወጥ ቤቱ በር እስከ ልብስ መስጫው ድረስ ጓሮው በድንጋይ ይነጠፋል፣ ሜርትልም ወንበር አውጥታ ፀሐይ የምትሞቅበት ደልዳላ ቦታ ታገኛለች። ስፋቱን ራሷ ለካችው፤ ስድስት ሜትር በአምስት።

መጀመሪያ የመጣው ተቋራጭ ዴኒስ ክራብትሪ ነበር። የሰፈሩ ሰው ነው፤ ዊኒ ከነእናቱ በአውቶብሷ ስታመላልሰው ኖራለች። አዲስ ከታጠበች መኪናው ወርዶ ደጃፉ ላይ እንደቆመ፣ አንድ እግሩን እንኳ ሳሩ ላይ ሳያሳርፍ ጓሮውን በዓይኑ ዞረውና፣ እንዲህ ያለውን ጉዳይ የሚከታተልላቸው ወንድ ዘመድ እንዳለ ጠየቀ። ዊኒ የለም፣ እኔን አናግረኝ አለችው። «እሺ የኔ እናት» ብሎ ፈገግ አለ። ማክሰኞ ዕለት ወረቀቱ በፖስታ ደረሰ። አንድ መስመር ብቻ ነበረበት፤ የጓሮ ንጣፍ፣ 9,400 ፓውንድ። ድንጋዩ ምን ዓይነት ነው፣ ስንት ሴንቲ ሜትር ይቆፈራል፣ አፈሩን ማን ያነሳል፣ ምንም የለም።

አባቷ ዕድሜውን ሙሉ በድንጋይ ማውጫ ካባ ሲጠርብ የኖረ ሰው ነው። ንጣፍን ንጣፍ የሚያደርገው የሚታየው ሳይሆን ከስሩ የሚገባው እንደሆነ ዊኒ ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቃለች። ወረቀቱን ሁለቴ አነበበችና ጠረጴዛው ላይ ጣለችው።

ሁለተኛው ተቋራጭ የሚያብረቀርቅ ማኅደር ይዞ መጣ። ዋጋው ስምንት ሺህ ነው፣ አሁኑኑ ከፈረሙ ግን ስድስት ሺህ አምስት መቶ ይሆናል፤ ከዚህ ቤት ከወጣ በኋላ ቅናሹ አይሠራም አለ። ዊኒ ሻዩን ሳይጨርስ ስኒውን ከእጁ ተቀብላ በሩን ከፈተችለት። ሦስተኛው ሁለት ጊዜ ቀጠሮ ሰጥቶ ሁለቱንም ጊዜ ቀረ።

ሜርትል ሰልችቷት ነበር። ዴኒስ ቢያንስ የምናውቀው ሰው ነው፣ ተቀበይውና እንገላገል አለች። ዊኒ ግን አንድ ነገር በልቧ ይመላለስባት ነበር። ዴኒስ ዋጋውን የሰቀለው ሁለት አሮጊቶች ናቸው ብሎ ነው፤ ለወንድ ቢሆን ትክክለኛውን ይናገር ነበር። ይህን ለማረጋገጥ ከግንቡ ወዲያ ያለውን ጎረቤቷን ሻፊቅን አማከረችው። ሻፊቅ ወላጆቹ ከባሕር ማዶ የመጡ ባለታክሲ ነው፤ ጓሮው ከእሷ ጓሮ ጋር እኩል ነው፣ ጭቃውም አንድ ነው። እኔም ያስፈልገኛል ብሎ ዴኒስን ጠራው።

ዴኒስ እዚያም ደጃፉ ላይ ቆሞ አይቶ ሄደ። ከአራት ቀን በኋላ ሻፊቅ ወረቀቱን በግንቡ ላይ አሳልፎ ሰጣት። 10,200 ይላል።

«ወንድ መሆኔ ስምንት መቶ ፓውንድ አስጨመረብኝ» አላት።

ከንፈሩ ይስቃል፣ ዓይኑ ግን አይስቅም። ዊኒ አልሳቀችም። ስድቡ የእሷ ብቻ መስሏት ነበር፤ ለካ ለጎረቤቷ የባሰው ተዘጋጅቶለታል። ሃያ ዓመት ከግንብ ወዲህና ወዲያ ሲኖሩ፣ ይህ ሰው ገበያ ሲወጣ ስንት እንደሚጠየቅ አንድ ቀን እንኳ አስባ አታውቅም። ይህም በራሷ ላይ አናደዳት።

ቅዳሜ ጠዋት ወጥ ቤት ተቀምጣ በእጇ ጻፈች። የቁፋሮው ጥልቀት፤ የገረጋንቲው ውፍረት፣ በሁለት ዙር ተጠቅጥቆ፤ ውሃው ከቤቱ እንዲርቅ የሚሰጠው ተዳፋት፤ የድንጋዩ ዓይነትና ውፍረት፤ አፈሩን የሚያነሳው ማን እንደሆነ፤ ያልታሰበ ነገር ቢገኝ ምን እንደሚደረግ። በእያንዳንዱ መስመር ትይዩ ዋጋ የሚሞላበት ባዶ ቦታ ተወች። ከዚያ አንዱን ቅጂ ይዛ ዴኒስ የማይጠፋበት የሕንፃ መሣሪያ መደብር ሄደች። ከሦስት የሙያ ጓደኞቹ ጋር ባንኮኒው ላይ ተደግፎ አገኘችው።

«ይህን ሙላልኝ» አለችው።

ዴኒስ ወረቀቱን አይቶ ወደ ጓደኞቹ ዞረ። «የኔ እናት፣ ይህ እኮ የመንግሥት ጨረታ አይደለም።» ጓደኞቹ ሳቁ።

«የሻፊቅ ጓሮ ከእኔ በምን ይለያል? ግንቡ አንድ፣ አፈሩ አንድ። ስምንት መቶው የምኑ ነው?»

ጓደኞቹ መሳቃቸውን ተዉ። ዴኒስ ክርኗን ይዞ ወደ ጎን ሊያገልላት ሲሞክር እጇን አስለቀቀች። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ይስሙኝ፤ በስድስት ሺህ እጨርስልዎታለሁ። ለእርስዎ ስል ነው።»

ደስ ይላታል ብሎ ጠብቆ ነበር። የዊኒ ፊት ግን እስከ ጆሮዋ ድረስ ጋለ።

«ወረቀትህ ላይ ዘጠኝ ሺህ አራት መቶ ነበር። ሦስት ሺህ አራት መቶው ድንጋይ ከሆነ የትኛውን ድንጋይ ልትቀንስብኝ ነው? ድንጋይ ካልሆነስ ምን ብለህ ጠየቅኸኝ?»

«ሁሉም እንዲህ ነው የሚሠራው። ሰው ይከራከራል፣ እኛም እንቀንሳለን።»

«ያልተከራከረውስ?»

ባለመደብሩ አንገቱን ደፍቶ ደረሰኝ ማገላበጥ ጀመረ። ዊኒ ወረቀቷን አንስታ ወጣች።

አራተኛውን ሰው ያገኘው ሻፊቅ ነው። አምብሮስ ግሪንውድ ይባላል፤ ፊቱ የማይፈታ፣ ንግግሩ የሚጎተት ሰው ነው። የዊኒን ወረቀት ቆሞ እስከ መጨረሻው አነበበ። ከዚያ ከመኪናው አካፋ አምጥቶ ጓሮው ላይ እስከ ጉልበቱ የሚደርስ ጉድጓድ ቆፍሮ ውስጡ ገብቶ ቆመ። የጻፉት አሥራ አምስት ሴንቲ ሜትር ገረጋንቲ አይበቃም፣ ሃያ ነው የሚያስፈልገው አላት። ዊኒ ልትጮህበት አፏን ስትከፍት ወደ ጫማው አመለከታት። ከጭቃው ስር ውሃ እየመነጨ ነበር። ወረቀቷን ተቀብላ አሥራ አምስቱን ሃያ አደረገችው።

ዋጋውን በሁለት ገጽ ጽፎ አመጣ፤ መስመሮቹ ሁሉ ተሞልተዋል። ሁለቱ ጓሮዎች አንድ ላይ ከተሠሩ ለእያንዳንዳቸው 6,900 ፓውንድ፣ ለሻፊቅም ለዊኒም ያው።

ሜርትል ወረቀቱን ስታይ ምርኩዟን ወለሉ ላይ አንኳኳች። «ዴኒስ በስድስት ሺህ እየለመነሽ? ዘጠኝ መቶ ፓውንድ ለንዴትሽ ልትከፍዪ ነው እንዴ?»

«ልክፈላ» አለች ዊኒ። «ዴኒስ ስድስት ሺህ ሲል ከስሩ ምን ሊቀብርልን እንዳሰበ ታውቂያለሽ? እኔም አላውቅም።»

ሥራው አሥራ አንድ ቀን ፈጀ። በሦስተኛው ቀን የተሰነጠቀ አሮጌ የሸክላ ቱቦ ከአፈሩ ስር ወጣ። አምብሮስ ሁለቱንም ጎረቤቶች ጠርቶ አሳያቸው፣ ማስተካከያው መቶ አርባ ፓውንድ እንደሚሆን ጽፎ ሰጣቸው፣ እሺ እስኪሉም ሥራውን አቆመ። ዊኒ ፈርማ ሰጠችው፤ የሚያናድድ ነገር ፈልጋ አጣች።

ሜርትል በሰኔ ወንበሯን አውጥታ ተቀመጠች። ድንጋዩ እግሬን ያቀዘቅዘኛል ብላ አማረረች፤ ከዚያ ወዲህ ግን ዝናብ ካልጣለ በቀር ከዚያ የሚያስነሳት አልተገኘም።

የዊኒ ንዴት አልበረደም። አንድ ረፋድ ዳቦ ገዝታ ስትመለስ የዴኒስን መኪና በሚቀጥለው መንገድ አየችው። የቆመው የሰማንያ አራት ዓመቷ ባልቴት ቤሪል ፎዘርጊል ደጃፍ ላይ ነው። ዴኒስ አጥሩን በዓይኑ እየዞረ ነበር፤ ቤሪል አጠገቡ ቆማ ለሚለው ሁሉ ራሷን በእሺታ ትነቀንቃለች።

ዊኒ ዳቦውን በብብቷ ሸጉጣ መንገዱን ተሻገረች። አቋርጣቸው መሃላቸው ቆመችና፣ ለዴኒስ ሰላምታ ሳትሰጥ ወደ ቤሪል ዞረች።

«ሻይ አፍዪ ቤሪል» አለቻት። «ዴኒስ ዋጋውን መስመር በመስመር እስኪጽፍ እኔም እቀመጣለሁ።»